የሶሲዮሎጂ አባቶች እነማን ነበሩ? ስለ ፓስተሮቹና ስለ ቤት ለቤት መጠይቁ

ዋርካ ሥር ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሶሲዮሎጂን በመጀመሪያ ዲግሪ የተማርን ሰዎች የዘርፉን የትውልድ ሐረግ በቃላችን እንወጣዋለን፤ ኦጉስት ኮምት ስሙን አወጣለት፣ ማርክስ፣ ዱርካይምና ዌበር መሠረቱን ጣሉለት፣ ከዚያም ነገሩ ባሕር ተሻግሮ ቺካጎ ደረሰ እንላለን። ይህን ሐረግ ሐሰት ነው አልለውም፤ ጎዶሎ ግን ነው። ባለፉት ወራት ስለ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ክፍል አጀማመር ሳነብ፣ በትምህርት ዘመናችን ማንም ያልነገረንን ነገር አገኘሁና ወደዚህ ላመጣው ወደድሁ።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «ተሐድሶ» የሚለው ቃል ደግሞ በእኛ አገር ሌላ ክርክር ስለሚቀሰቅስ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ እዚህ የማነሣው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካና በጀርመን ፕሮቴስታንቶች ዘንድ የተነሣውን፣ ወንጌል የነፍስን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የደመወዝን፣ የቤት ኪራይንና የፋብሪካን ጉዳይ ጭምር ይመለከታል ያለውን፣ በአሜሪካ «ማኅበራዊ ወንጌል» የተባለውን ንቅናቄ ነው።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በባፕቲስቶች አነሳሽነትና በባፕቲስቱ ባለጸጋ በጆን ሮክፌለር ገንዘብ የተቋቋመ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱ ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር የዕብራይስጥ ሊቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1892 ማስተማር ሲጀምር የሶሲዮሎጂውን ክፍል እንዲያቋቁም የተጠራው አልቢየን ስሞል፣ በሜይን ግዛት የባፕቲስት ሰባኪ ልጅ ሆኖ የተወለደ፣ በኒውተን የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት የተማረ፣ ከዚያም በርሊንና ላይፕዚግ ድረስ ሄዶ ያጠና ሰው ነው። አብሮት የመጣው ቻርልስ ሄንደርሰን በቴረ ሆትና በዲትሮይት ለሃያ ዓመታት ያህል ፓስተር የነበረ ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲው በአንድ በኩል የጸሎት ቤቱ አገልጋይ፣ በሌላ በኩል የሶሲዮሎጂ መምህር ነበር። በ1894 ከስሞል ጋር የመጀመሪያ የሚባለውን የአሜሪካ የሶሲዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ የጻፈው ጆርጅ ቪንሰንት የሜቶዲስት ጳጳስ ልጅ ነው። ስሞል በ1895 የዘርፉን መጽሔት ሲመሠርት፣ የሥነ መለኮት መምህሩ ሼይለር ማቲውስ በመጀመሪያዎቹ እትሞች ላይ «ክርስቲያናዊ ሶሲዮሎጂ» የሚል ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው በ1892፣ ግሬየም ቴይለር የተባለ ፓስተር በቺካጎ የሥነ መለኮት ሴሚናሪ የክርስቲያናዊ ሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር ተብሎ ተሾመ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶም ቺካጎ ኮመንስ የተባለውን ማዕከል በስደተኞች ሰፈር ከፍቶ ከነቤተሰቡ ገባበት።

እኔ የምከራከረው እንዲህ ብዬ ነው፦ ሶሲዮሎጂ ከእነዚህ ሰዎች የወረሰው ንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ ንድፈ ሐሳባቸው ዛሬ ብዙም አይነበብም። የወረሰው መጠይቅ ይዞ የድሀውን በር ማንኳኳትን ነው። ፓስተር ምእመናኑን በየቤታቸው እየዞረ መጎብኘት የሥራው አካል ስለሆነ፣ ስለ ሰፈሩ ማወቅ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያስበው ሄዶ መጠየቅን ነው። የእናንተን ሐሳብ ለመስማት እጓጓለሁ።

የማታ ተማሪ ጻፈ፦

ወንድም ዋርካ ሥር፣ ጽሑፍህ ግሩም ነው፤ ሆኖም የምትመርጣቸውን ሰዎች ብቻ የቆጠርህ መሰለኝ። የአሜሪካ የሶሲዮሎጂ ማኅበር በ1905 ባልቲሞር ላይ ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ሌስተር ዋርድ፣ ቤተ ክርስቲያንን አጥብቆ የሚተች፣ ለመንግሥት የዕፅዋትና የቅሪተ አካል ጥናት ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ዊልያም ግሬየም ሰምነር ደግሞ የማኅበራዊ ወንጌል ሰባኪዎች የሚሉትን ሁሉ በግልጽ የሚቃወም፣ መንግሥትም ሆነ በጎ አድራጊ በድሀው ጉዳይ እጁን አያስገባ የሚል ሰው ነበር። በፈረንሳይም ዱርካይም የራቢ ልጅ ነው፤ ፕሮቴስታንቶቹ ምኑ ላይ ናቸው? የአንድን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የዘርፉ ታሪክ አድርገህ እንዳታቀርበው እሰጋለሁ።

ዋርካ ሥር ጻፈ፦

ስለ ዋርድ ያልኸው እውነት ነው፤ እርሱን ወደዚህ ሐረግ ልስበው አልችልም፣ አልሞክርምም። ስለ ዱርካይምም እንዲሁ። ሰምነር ግን ለእኔ የተሻለ ምስክር ነው። ሰምነር በየል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከመሆኑ በፊት የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆኖ በኒው ጀርሲ ሞሪስታውን ያገለግል ነበር። እምነቱን አውቆ እንዳልጣለው፣ ይልቁንም መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦት ከጊዜ በኋላ ሲከፍተው ባዶ ሆኖ እንዳገኘው መናገሩ ይጠቀሳል። እምነቱን የጠበቀውም ያጣውም ከአንድ ደጃፍ ተነሥተዋል ማለት ነው። በ«አንድ ዩኒቨርሲቲ» ላይ ተወስነሃል ያልኸውን ግን እቀበላለሁ፤ ከሌላ በኩል የሚያውቅ ካለ ይጨምርበት።

እታለም ከቺካጎ ጻፈች፦

እኔ የምኖረው በዚሁ ከተማ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በሃልስቴድ ጎዳና ላይ፣ አሁን የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በከበበው ቦታ፣ ሃል ሃውስ የተባለው ቤት ሙዚየም ሆኖ ቆሟል። ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር በ1889 የከፈቱት ይህ ቤት፣ የተማሩ ሰዎች በድሆች ሰፈር ገብተው ጎረቤት ሆነው የሚኖሩበት ማዕከል ነበር። በ1895 የቤቱ ነዋሪዎች ያሳተሙት የሰፈሩ ካርታና ጥናት፣ በእኔ ዕይታ የዚያን ዘመን ሶሲዮሎጂ ቁንጮ ነው።

ካርታውን ቀርቦ ላየው እያንዳንዱ ቤት በቀለም ተሞልቷል። አንዱ ካርታ የሚያሳየው የቤተሰቡን የሳምንት ገቢ ሲሆን፣ 5 ዶላርና ከዚያ በታች የሚያገኙት ጥቁር፣ ከ20 ዶላር በላይ የሚያገኙት ቢጫ ተቀብተዋል። ሌላው ካርታ የትውልድ አገርን ያሳያል፤ በዚያች ጠባብ ሰፈር ውስጥ ጣሊያናዊው፣ ቦሔሚያዊው፣ አይሁዳዊው፣ አየርላንዳዊው እየተለየ 18 ዓይነት ሕዝብ ተመዝግቧል። በአንድ ቤት ስፋት ልክ የተቆራረጡትን ቀለሞች ሳይ፣ እያንዳንዷ ቁራጭ አንድ ሰው ደረጃ ወጥቶ፣ በር አንኳኩቶ፣ ስንት እንደሚያገኙ ጠይቆ የጻፋት መሆኗ ትዝ ይለኝና ልቤ ይነካል። መረጃው የተሰበሰበው የፌዴራሉ የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ1893 ስለ ታላላቅ ከተሞች የድሆች ሰፈሮች ባካሄደው ጥናት ሲሆን፣ በቺካጎ ሥራውን የመራችው የሃል ሃውስ ነዋሪ የነበረችው ፍሎረንስ ኬሊ ናት። ቅጾቹ ወደ ዋሽንግተን ከመላካቸው በፊት የቤቱ ሰዎች ገልብጠው አስቀሯቸው፤ ካርታው የተሠራው ከዚያ ግልባጭ ነው።

ወንድሞቼ ፓስተሮቹን እየቆጠራችሁ ሴቶቹን እንዳትረሱ ብዬ ነው የጻፍሁት። አዳምስ ፕሪስቢቴሪያን ሆና ተጠምቃ ነበር፤ ያ ዘመን ለሴት መድረክ አልሰጣትም፤ ሰፈር ግን ሰጣት። ስሞል በመጽሔቱ ጽሑፎቿን አትሟል። ዘርፉ ራሱ ግን ቆይቶ «ማኅበራዊ ሠራተኛ» ብሎ ከበሩ ውጭ አቆማት።

የኤልበ ማዶ ጻፈ፦

ከጀርመን በኩል ያለውን ልጨምር፤ የማታ ተማሪ «ምኑ ላይ ናቸው?» ላለው መልስ የሚሆን ይመስለኛል። ማክስ ዌበርን ሁላችንም የምናውቀው በ1904 እና 1905 ስለ ፕሮቴስታንት ሥነ ምግባርና ስለ ካፒታሊዝም መንፈስ በጻፈው ነው። ከዚያ አሥር ዓመታት ቀደም ብሎ የነበረው ዌበር ግን ከፓስተሮች ጋር መጠይቅ የሚያዘጋጅ ወጣት ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፓውል ጎህረ የተባለ ወጣት የሥነ መለኮት ምሩቅ በ1890 ማንነቱን ሰውሮ በኬምኒትስ የማሽን ፋብሪካ ለሦስት ወራት ተራ ሠራተኛ ሆኖ ሠራ፤ ያየውንም በ1891 አሳተመ፣ አገር ምድሩም አነበበው። በዚያው በ1890 ወንጌላዊ ማኅበራዊ ጉባኤ የተባለ የፓስተሮችና የምሁራን ስብስብ ተመሥርቶ ነበር፤ ጎህረ ጸሐፊው ሆነ። በሌላ በኩል የማኅበራዊ ፖሊሲ ማኅበር የሚባለው የምሁራን ተቋም በ1892 ስለ ገበሬ ሠራተኞች ሁኔታ ያስጠናውን ጥናት፣ ከኤልበ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ያለውን ክፍል የተነተነው ዌበር ነው። ያ ጥናት አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ መጠይቁ የተላከው ለሠራተኞቹ ሳይሆን ለባለርስቶቹ ነበር። ዌበርና ጎህረ ይህን ለማረም በጉባኤው ስም ሁለተኛ መጠይቅ አዘጋጅተው ለ15,000 ያህል የገጠር ፓስተሮች ላኩ። ፓስተሩ የባለርስቱም የሠራተኛውም ጎረቤት ስለሆነ የሁለቱንም ወገን ያውቃል የሚል ግምት ነበራቸው። ተሞልቶ የተመለሰው 1,000 ገደማ ነው።

ይህን ሳነብ የራሴን ሥራ አስታወሰኝ። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ ለመሬት አጠቃቀም ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ስሠራ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንገድ የሚያሳየን አንድ የቀበሌ ሰው አብሮን ይዞር ነበር። አንዲት እናት እርሱ አጠገባችን ቆሞ ሳለ «ስንት በሬ አለዎት?» ብላቸው «ሁለት» አሉኝ፤ እርሱ ወደ ጎረቤት ግቢ ዘወር እንዳለ ቡናቸውን እየቆሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አንዱ እንኳ የእኔ አይደለም፤ የወንድሜ ነው» አሉኝ። ቅጹ ላይ የቱን እንደምጽፍ ግራ ገብቶኝ እርሳሴን ይዤ ቀረሁ። ማን ነው የሚጠይቀው? ማን አጠገቡ ቆሟል? ዌበርና ጎህረ በ1892 የተጨነቁበት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ያ ጭንቀት የተወለደው ደግሞ ለሠራተኛው ነፍስ ኃላፊነት አለብን በሚሉ ሰዎች መካከል ነው።

ዌበር በ1904 አሜሪካን ሲጎበኝ በሰሜን ካሮላይና ዘመዶቹ ዘንድ አርፎ፣ በአንድ እሑድ ባፕቲስቶች በኩሬ ውኃ ሲያጠምቁ አይቷል። አጠገቡ የቆመው ዘመዱ ከተጠማቂዎቹ አንዱን አይቶ ይህ ሰው የተጠመቀው ባንክ ሊከፍት ስላሰበ ነው አለው፤ ባፕቲስቶች የመረመሩት ሰው በአካባቢው ሁሉ ታማኝ ደንበኛ ያገኛልና። ዌበር ያን ቀን የሰማውን ስለ ፕሮቴስታንት ማኅበራት በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ አስገብቶታል።

ብርሃነ ቀለም ጻፈ፦

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ውይይቱ ወደ ውዳሴ እያዘነበለ ስለመጣ ሌላውን ገጽ ላሳይ። የኤልበ ማዶ የጠቀሱት ጉባኤ ከመሥራቾቹ አንዱ አዶልፍ ሽቶከር ነው፤ የቤተ መንግሥት ሰባኪና በጀርመን ፖለቲካ ውስጥ ፀረ አይሁድ ቅስቀሳን በአደባባይ ካደራጁት ቀዳሚዎች አንዱ። እውነት ነው፣ በ1896 ከጉባኤው ወጥቷል። ሆኖም «ማኅበራዊ» የሚለውን ቃልና በጎረቤት ላይ የሚነሣ ጥላቻን በአንድ አፍ ይሰብክ የነበረ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ እንዳለ ልንሸሽገው አይገባም። በአሜሪካም ቢሆን ብዙዎቹ የማኅበራዊ ወንጌል ሰዎች ካቶሊኩን ስደተኛ የሚያዩት እንደሚታረም ነገር ነበር፤ ስለ ጥቁሮች መጨቆንም ከጥቂቶች በቀር ዝም አሉ።

በዚህ ረገድ ከሁሉም በላይ የሚያስተምረኝ ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዊልያም ዱ ቦይስ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ በግሬት ባሪንግተን በኮንግሪጌሽናል ቤተ ክርስቲያን ያደገው ዱ ቦይስ፣ የመጀመሪያ ሥራውን የያዘው በአፍሪካውያን ሜቶዲስቶች ኮሌጅ በዊልበርፎርስ ነበር። እዚያ በአንድ ስብሰባ ላይ መሪው ሳያስጠነቅቀው «አሁን ፕሮፌሰር ዱ ቦይስ በጸሎት ይመሩናል» ሲል፣ «አይመራም» ብሎ እንደመለሰ ራሱ ጽፏል። በዚያ ቦታ ይህን ማለት ሥራን ሊያሳጣ የሚችል ነገር ነበር። በ1896 የከተማዋን ጥቁሮች ኑሮ እንዲያጠና ወደ ፊላደልፊያ የተጠራው ግን በዚያው በበጎ አድራጊ ፕሮቴስታንቶች ዓለም በኩል ነው፤ ጥናቱ እንዲካሄድ የገፋፋችው ኩዌከር ከተባለው የፕሮቴስታንት ወገን ቤተሰብ የሆነችው ሱዛን ዋርተን ስትሆን፣ እርሱና ባለቤቱ ያረፉትም ጥቁሮች በብዛት በሚኖሩበት በሰባተኛው ቀጠና የበጎ አድራጊዎቹ ማዕከል በሚያስተዳድረው ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነበር።

ጋባዦቹ ሊሰሙ የጠበቁት ከተማዋ በጥቁሮቹ ወንጀል መታመሟን ነበር። ዱ ቦይስ 2,500 ያህል አባወራዎችን በየቤታቸው ሄዶ አነጋገረ፤ በቀጠናው የነበሩትን 9,675 ጥቁሮች ሥራቸውን፣ ኪራያቸውን፣ ንባባቸውን፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን መዘገበ፤ በ1899 ባሳተመው መጽሐፍም ወንጀሉ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው እንዳልሆነ፣ ሥሩም ከሥራና ከመኖሪያ መገፋት እንደሆነ አሳየ። ጥናቱን ያሠራው የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ግን ዱ ቦይስ ይህን ሁሉ ሲሠራ ከተማሪዎች ጋር የሚገናኝበትን የማስተማር ቦታ አልሰጠውም። ስለዚህ ዋርካ ሥር ሆይ፣ መንገዱ የፓስተሮቹ ነው ቢባል እንኳ፣ በዚያ መንገድ ከሁሉም ርቆ የሄደው መጸለይን እምቢ ያለው ሰው ነው።

ዋርካ ሥር ጻፈ፦

ብርሃነ ቀለም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላሰብሁበት ነገር ነው፤ ሐሳቤንም አስተካክሎልኛል። የበር ማንኳኳቱ ልማድ ከእነርሱ ዘንድ ይምጣ እንጂ፣ የተባረከ መሣሪያ አይደለም ማለት ነው፤ ያው መጠይቅ በሽቶከር ወዳጆች እጅና በዱ ቦይስ እጅ ሁለት የተለያየ ነገር ይሆናል።

የማታ ተማሪ ጻፈ፦

እኔም ብዙ ተምሬአለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አልተመለሰም፤ ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ ለምን ተረሳ? በመማሪያ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ ለምን አጣን?

እታለም ከቺካጎ ጻፈች፦

የተረሳው በራሱ አይደለም፤ ከፊሉ በፍርሃት፣ ከፊሉ ሆን ተብሎ ነው። ፍርሃቱን ለመረዳት 1894ን ማየት ይበቃል። የፑልማን የባቡር ፋብሪካ ሠራተኞች አድማ በመቱበት በዚያ ክረምት፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚ ያስተምር የነበረው ኤድዋርድ ቤሚስ በአንድ የፕሪስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የባቡር ኩባንያዎቹን ነቀፈ። ፕሬዚዳንት ሃርፐር ንግግሩ ችግር እንዳመጣበት ገልጾ ጻፈለት፤ በ1895 ቤሚስ ከዩኒቨርሲቲው ወጣ። ስሞልና ሌሎቹ የተማሩት ትምህርት ግልጽ ነበር፤ ሶሲዮሎጂ «ሳይንስ ነኝ» ካለ ይኖራል፣ «ነቢይ ነኝ» ካለ ይባረራል። በዚያው ዘመን ጆርጅ ሄሮን የተባለው ፓስተርና የአዮዋ ኮሌጅ ፕሮፌሰር በየከተማው የሚያደርገው እሳት የሆነ ስብከት ስሞልን ያሳስበው ነበር፤ ወጣቱ ዘርፍ ከስብከት ጋር እንዳይምታታበት ፈርቶ ራሱን ከ«ክርስቲያናዊ ሶሲዮሎጂ» ለየ።

ሆን ተብሎ ያልሁት ደግሞ ከ1914 በኋላ የመጣውን ነው። ወደ ቺካጎው የሶሲዮሎጂ ክፍል የመጣው ሮበርት ፓርክ ጋዜጠኛ የነበረ፣ ከዚያም ለጥቁሮች መሪና አስተማሪ ለቡከር ዋሽንግተን የሠራ ሰው ነው፤ «ዓለምን እናሻሽል» ባዮችን አይወድም ነበር፤ ተማሪዎቹም ይህን ጠባዩን እየደጋገሙ አውርተውታል። እርሱና ኤርነስት በርገስ በ1921 ያወጡት መማሪያ መጽሐፍ በሽፋኑ ቀለም «አረንጓዴው መጽሐፍ ቅዱስ» እስከመባል ደረሰ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1920፣ ግሬየም ቴይለር የመሠረተው የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተጠቅልሎ ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ ነበር። ሴቶቹ ወደዚያ ሄዱ፣ ወንዶቹ በሶሲዮሎጂ ቀሩ። የፓርክ ተማሪዎች የከተማዋን ሰፈሮች በካርታ ሲያሰፍሩ ግን ከእነርሱ በፊት ሃል ሃውስ እዚያው እንደነበረ የሚናገር በጥቂቱ ነው።

የኤልበ ማዶ ጻፈ፦

እታለም ባሉት ላይ የመጨረሻውን ገመድ ልጨምር፤ ይህ ታሪክ በ1920ም አላበቃምና። በ1919 በተካሄደው ታላቁ የብረታ ብረት ሠራተኞች አድማ ጊዜ የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ያቋቋመው ኮሚሽን የ12 ሰዓት የሥራ ቀንን የሚያጋልጥ ዘገባ በ1920 አወጣ። ኅብረቱ በዚያው ዓመት ፈረሰ፤ ከፍርስራሹም በሮክፌለር ልጅ ገንዘብ የማኅበራዊና የሃይማኖታዊ ጥናት ተቋም ተወለደ።

በ1921 በጋ ሮበርት ሊንድ የተባለ የሥነ መለኮት ተማሪ በዋዮሚንግ ግዛት ኤልክ ቤዝን በሚባል የነዳጅ ማውጫ ሰፈር ሊሰብክ ሄደ። ቀን ቀን ከሠራተኞቹ ጋር አካፋና ዶማ ይዞ ይሠራል፣ ማታ በትምህርት ቤቱ ክፍል ይሰብካል። ያየውን የሥራ ሁኔታ በ1922 በመጽሔት አወጣ፤ ሮክፌለር ደግሞ ነዳጁን በሚያወጣው ኩባንያ ውስጥ ድርሻ ነበረው። ያም ሆኖ ተቋሙ ቀጠረውና፣ ከባለቤቱ ከሄለን ሊንድ ጋር በ1924 ወደ መንሲ፣ ኢንዲያና ሄዱ። ከተቋሙ የተሰጣቸው ሥራ የአንዲት ትንሽ ከተማን ሃይማኖታዊ ሕይወት ማጥናት ነበር። እነርሱ ግን ሃይማኖቱን ከኑሮው ነጥሎ ማየት አይቻልም ብለው ሥራን፣ ቤትን፣ የልጆችን ትምህርት፣ መዝናኛን፣ አምልኮንና የማኅበረሰብ ሥራን በስድስት ክፍል አጠኑ። ተቋሙ የጻፉትን አልወደደውም፣ አላሳትምም አለ፤ ሌላ አሳታሚ እንዲፈልጉ ፈቀደላቸው። በ1929 «ሚድልታውን» በሚል ስም ሲወጣ በአሜሪካ ሶሲዮሎጂ ከሁሉ በላይ ከተነበቡት መጻሕፍት አንዱ ሆነ።

ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለሊንድ የዶክትሬት ዲግሪ ሊሰጠው በፈለገ ጊዜ ያንኑ መጽሐፍ እንደ መመረቂያ ጽሑፍ ተቀበለው። መጽሐፉ የሁለት ሰው ሥራ ስለነበረ ግን፣ ሄለን የጻፈችው ከውስጡ እንዲወጣ ተደርጎ ነው የቀረበው።